የጐደለውን ሳያውቁ መግዛት

በዓመት አንድ ጊዜ በሚወጣው በዚህ መጽሔታችን ስለ ትምህርት ጥቅምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ቁም ነገር ይጻፋል። እኔ ግን ዘንድሮ ይዤ የቀረብሁት ነገር ስለ አንድ አሮጌ ኮምፒዩተር ነው። «ይህ ልጅ ስለ ጨዋታ ሊያወራን ነው» ብላችሁ ገጹን ሳታነቡ እንዳታልፉት እለምናችኋለሁ። ነገሩ በጨዋታ ቢጀምርም የሚያልቀው በቤተ ሰብ ገንዘብና በሰው ማስተዋል ላይ ነውና።

በቤታችን ያለው ኮምፒዩተር መጀመሪያ ለቢሮ ሥራ ተብሎ የተሠራ፥ በውጭ አገር ካገለገለ በኋላ ወደ አገራችን ገብቶ የተሸጠ ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ5-6500 ይባላል፤ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2015 የወጣ፥ አራት ኮር ያለው ነው። ራሙ 8 ጊጋባይት ሲሆን እርሱም አንድ ነጠላ ነው። ሃርድ ዲስኩ የጥንቱ የሚሽከረከረው ዐይነት ነው። ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ የተባለውን፥ በ2016 የወጣውን ግራፊክስ ካርድ የጨመረበት ታላቅ ወንድሜ ነው። እርሱም ሥራ ይዞ ከቤት ሲወጣ ኮምፒዩተሩን ለእኛ ተወልን። ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን እኅቴ ትማርበታለች፤ ማታ ማታ ደግሞ ጥናታችንን ከጨረስን በኋላ እኔና ታናሽ ወንድሜ የኳስና የተኩስ ጨዋታ እንጫወትበታለን።

ባለፈው ዓመት ግን ኮምፒዩተሩን እርጅና ተጫነው። ተከፍቶ ለሥራ እስኪዘጋጅ ቡና ተፈልቶ አቦል ይቀዳል። በጨዋታው መካከል ሥዕሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሥዕሉ ሲመለስ እኔ ሞቼ እገኛለሁ። ጓደኞቼን ባማክር ሁሉም በአንድ ቃል «ግራፊክስ ካርዱን ለውጥ» አሉኝ። እኔም በየክረምቱ የሰፈር ልጆችን ሒሳብ በማስጠናት ያገኘሁትንና በየበዓሉ የተሰጠኝን ገንዘብ ሁለት ዓመት ሙሉ አጠራቅሜ ስለ ነበር ካርዱን ለመግዛት ቈረጥሁ። ገንዘቡም ለካርዱ ልክ በልክ ይበቃ ነበር፤ ሳንቲም አይተርፍም።

አሳቤን ለአባቴ ብነግራቸው አልተቈጡኝም፤ አልከለከሉኝምም። አባቴ መካኒክ ናቸው። የጠየቁኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። «ልጄ፥ የጐደለው እርሱ መሆኑን በምን ዐወቅህ?» አሉኝ። «አባባ፥ ሁሉም እንደዚያ ይላል» ብዬ መለስሁ። እርሳቸውም «ጋራዥ የሚመጣ ሰው ሁሉ ሞተሩ ነው ይላል። ብዙ ጊዜ ግን የቈሸሸ የነዳጅ ማጣሪያ ሆኖ ይገኛል። ሞተር ካስወረድህ በኋላ ለካ ማጣሪያ ነበር ብትል ገንዘቡን ማን ይመልስልሃል?» አሉኝ። መልስ አጥቼ ዝም አልሁ።

በዚያው ሰሞን ደግሞ በአንድ ጓደኛዬ ላይ የደረሰውን አየሁ። እናቱ እቁብ ሲደርሳቸው፥ ልጃቸው ብዙ ጊዜ ለምኗቸው ስለ ነበር፥ ከገንዘቡ ከፍለው 170 ዋት የሚፈጅ ትልቅ ካርድ ገዙለት። የእርሱም ኮምፒዩተር እንደ እኔው የቢሮ ዐይነት ሲሆን ፓወር ሰፕላዩ 240 ዋት ብቻ ነበረ። ለካርዱ የሚሆን የኀይል ገመድ ስላልነበረው ሻጩ ከሌላ ሽቦ ቀጣጥሎ ሰጠው። ሦስት ቀን ሠራ። በአራተኛው ቀን ማታ ኮምፒዩተሩ ድንገት ጠፋ፤ የተቃጠለ ሽታም ክፍሉን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ሲሞት ማዘርቦርዱንም ይዞት ሞተ። ካርዱ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ነገር ግን የሚሰካበት የለውም። ጓደኛዬ እስከ ዛሬ ድረስ በካርቶኑ ውስጥ አስቀምጦታል። እናቱ ስለዚህ ነገር አንድ ቃል ተናግረውት አያውቁም፤ እርሱ እንደሚለው ግን ቢቈጡት ይሻለው ነበር።

ይህን ካየሁ በኋላ የኀይሉን ነገር አጠናሁ። አንድ ካርድ በማዘርቦርዱ መሰኪያ በኩል ብቻ የሚያገኘው ኀይል እስከ 75 ዋት ነው። የእኔው 1050 ቲአይ ከዚያ ስለማያልፍ በትንሽ ፓወር ሰፕላይ ይኖራል። እንደ አርቲኤክስ 3060 ያለው ካርድ ግን ብቻውን 170 ዋት ይፈጃል፤ ሠሪው ድርጅትም 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ እንዲኖር ይመክራል። ደግሞም የብዙ ቢሮ ኮምፒዩተሮች የኀይል መሰኪያ ለራሳቸው ብቻ የተሠራ ስለ ሆነ ከገበያ የተገዛ ፓወር ሰፕላይ ሁሉ አይገጥምላቸውም፤ ኬዛቸውም ጠባብ ሲሆን ረዥም ካርድ አያስገባም። እንግዲህ በእንዲህ ያለ ኮምፒዩተር ላይ «ካርድ እገዛለሁ» የሚል ሰው ሳያውቀው ሁለትና ሦስት ዕቃ እገዛለሁ ማለቱ ነው።

ከዚያ በኋላ ምንም ሳልገዛ አንድ ሳምንት ለመመርመር ወሰንሁ። አንድ ደብተር ያዝሁ፤ በኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ታስክ ማኔጀር ከፍቼ በየጨዋታው እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሚሠራ ጻፍሁ። ነገሩን ላልለመዱት ወላጆቻችን በወጥ ቤት ልመስለው። ፕሮሰሰሩ የሚያዝዘው ባለሙያ ነው። ግራፊክስ ካርዱ የታዘዘውን ሠርቶ የሚያቀርብ ነው። ራሙ ለሥራ የተፈለገው ሁሉ የሚዘረጋበት ጠረጴዛ ነው። ዲስኩ ጓዳው ነው። ጠረጴዛው ከጠበበ ለእያንዳንዱ ጭልፋ ወደ ጓዳ መሮጥ ይመጣል፤ ምግቡም ይዘገያል። አዛዡ ከዘገየ ደግሞ አቅራቢው የቱን ያህል ፈጣን ቢሆን እጁን አጣጥፎ ይቆማል።

ምልክቱም እንዲህ ነው። ጨዋታው ሲዘገይ ካርዱ 99 ከመቶ እየሠራ ፕሮሰሰሩ ትርፍ ጊዜ ካለው የደከመው ካርዱ ነው። ካርዱ ወደ 60 ከመቶ ወርዶ የፕሮሰሰሩ ኮሮች ሁሉ ከሞሉ ግን ካርዱ ትእዛዝ እየጠበቀ ነውና አዲስ ካርድ ቢገዙ እርሱም ይጠብቃል። ሁለቱም ሳይሞሉ ራሙ ሞልቶ ዲስኩ 100 ከመቶ ሲደርስ ችግሩ ከጠረጴዛው ነው። ሌላም ቀላል ፈተና አለ፤ የሥዕሉን መጠን ከ1920 በ1080 ወደ 1280 በ720 ዝቅ አድርጎ ማየት ነው። በዚህ ጊዜ ጨዋታው ከፈጠነ ሸክሙ በካርዱ ላይ ነበር፤ ምንም ካልተለወጠ ግን ሸክሙ በፕሮሰሰሩ ላይ ነው።

በደብተሬ ላይ ያገኘሁት መልስ አስደነቀኝ። በኳሱ ጨዋታ ካርዱም ፕሮሰሰሩም አልሞሉም፤ ሥዕሉ የሚቆመው ራሙ 7.6 ጊጋባይት ሲደርስ ነው፤ ይኸውም እኅቴ የትምህርት ገጾቿን ከፍታ ስትተዋቸው ነው። በካውንተር ስትራይክ 2 ጭስ ተጥሎ ብዙ ተጫዋቾች ሲገናኙ አራቱም የፕሮሰሰሩ ኮሮች ይሞላሉ፤ ካርዱ ይጠብቃል፤ የሥዕሉን መጠን ባሳንሰውም ለውጥ የለም። ካርዱ 99 ከመቶ ሆኖ የተገኘው በጂቲኤ 5 ብቻ ነው፤ እርሱም ጥላውንና ሣሩን ከፍ ባደረግሁ ጊዜ ነው። ሦስት ጨዋታ፥ ሦስት መልስ! ያን ጊዜ ካርዱን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ የሁለት ዓመት ገንዘቤን ጨርሼ ከሦስቱ አንዱን ብቻ ባሻሻልሁ ነበር።

በሳምንቱ መጨረሻ ከአባቴ ጋር ኮምፒዩተሩን ከፈትነው። ታላቅ ወንድሜ ከሄደ ወዲህ ማንም አልከፈተውም ነበርና የማቀዝቀዣው ክንፎች በአቧራ ተደፍነው እንደ ብርድ ልብስ ሆነዋል። በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባው ቅባት ደርቆ ተፈረፈረ። ፕሮሰሰር ከመጠን በላይ ሲሞቅ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የእኛም በጨዋታ ጊዜ ወደ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርስ ነበር። አቧራውን በለስላሳ ብሩሽ ጠርገን፥ አዲስ ቅባት ቀብተን ስንከፍተው በዚያው ጨዋታ ከ75 በታች ሆነ። ይህ ሁሉ ያስወጣን የአንዲት ትንሽ ቱቦ ቅባት ዋጋ ብቻ ነው። አባቴ ፈገግ ብለው «ማጣሪያው!» አሉ።

አንባብያን ሆይ፥ እኔ ካርድ መግዛት ስሕተት ነው አልልም። አንድ የክፍሌ ልጅ ኮር አይ5-12400 የተባለ ባለ ስድስት ኮር ፕሮሰሰርና ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ያለው ኮምፒዩተር አለው፤ ካርዱ ግን እንደ እኔው አሮጌ ነበር። በእኔ ደብተር ዐይነት ቢመረምር ካርዱ ሁልጊዜ 99፥ ፕሮሰሰሩ 40 ከመቶ ሆኖ አገኘው። እርሱ ካርዱን ለወጠ፤ ደግ አደረገ። ያው ምክር ለእርሱ መድኀኒት፥ ለእኔ ግን ኪሳራ በሆነብኝ ነበር። ስሕተቱ ሳይመረምሩ የሌላውን መድኀኒት መዋጥ ነው።

የጐደለውን ካወቁ በኋላ ደግሞ ሁለተኛ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም «ይህ የምገዛው ዕቃ ወደፊት ከእኔ ጋር ይሄዳል ወይስ ከዚህ ኮምፒዩተር ጋር ይቀበራል?» የሚለው ነው። ደረጃውን የጠበቀ ጥሩ ፓወር ሰፕላይ፥ ኤስኤስዲና ሞኒተር ወደሚቀጥለው ኮምፒዩተር ይሻገራሉ። አሮጌ ፕሮሰሰር ግን ከማዘርቦርዱ ጋር የተጋባ ነው። በእኔ ማዘርቦርድ ላይ ሊሰካ የሚችለው የ6ኛውና የ7ኛው ትውልድ ፕሮሰሰር ነው። የ8ኛው ትውልድ መሰኪያ በስም ያው 1151 ተብሎ ቢጠራም በእኔው ላይ አይሠራም፤ ይህን ሳያውቅ የሚገዛ ሰው ጥርሱን ይነክሳል። ራምም እንደዚሁ ነው፤ የእኔው ዲዲአር 4 ስለ ሆነ ዲዲአር 5 በሚቀበል ማዘርቦርድ ላይ አይገባም።

በካውንተር ስትራይክ የደከመው ፕሮሰሰሩ ስለ ሆነ ኮር አይ7-6700 የተባለውን፥ በዚያው መሰኪያ የሚገባውንና ስምንት የሥራ ክር የሚቀበለውን ያገለገለ ፕሮሰሰር ልግዛ ብዬ አስቤ ነበር። ነገር ግን እርሱም የ6ኛው ትውልድ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም አቁሟል፤ ለዊንዶውስ 11 ብቁ ናቸው ብሎ በዝርዝር ያወጣቸው የኢንቴል ፕሮሰሰሮች ደግሞ፥ ከጥቂት የ7ኛ ትውልድ በቀር፥ ከ8ኛው ትውልድ የሚጀምሩ ናቸው። ሊኑክስን መጫን ይቻላል፤ ሆኖም ከምንጫወታቸው ጨዋታዎች አንዳንዶቹ አይሠሩበትም። እንግዲህ ይህ ማዘርቦርድ የሚሰናበትበት ቀን ሩቅ አይደለም። ሊፈርስ በተቃረበ ቤት ላይ የወርቅ በር አይገጠምም።

ስለዚህ ውሳኔዬ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ 500 ጊጋባይት የሚይዝ ኤስኤስዲ ገዛሁ። የሚሽከረከር ዲስክ በሰከንድ ከ100 እስከ 150 ሜጋባይት ገደማ ሲያነብ ይህ ዐይነት ኤስኤስዲ ወደ 500 ያነባል። ዋናው ልዩነት ግን በዚህ አይደለም። የሚሽከረከረው ዲስክ አንዱን ነገር ፈልጎ ለማግኘት ወደ 10 ሺኛ ሰከንድ የሚጠጋ ጊዜ ይወስድበታል፤ ኤስኤስዲው ግን ከአንድ ሺኛ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያገኘዋል። ሁለተኛ፥ ያገለገለ፥ በፍጥነቱ ከቀድሞው ጋር የሚስማማ 8 ጊጋባይት ራም ጨመርሁ። ራም ከዚህ ኮምፒዩተር ጋር የሚቀበር ዕቃ ነው ብያለሁ፤ ደግሞም በ2025 መጨረሻ፥ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሠሩ ታላላቅ የመረጃ ማዕከሎች ብዙ ስለ ፈለጉ የራም ዋጋ በዓለም ገበያ እጅግ ንሮ ነበር። ይሁን እንጂ በደብተሬ ላይ ኮምፒዩተሩን ያስቆመው የራም ማነስ ስለ ነበር ዐውቄ ከፈልሁ። አንዱ ራም ሁለት ሲሆን በሁለት መንገድ ስለሚሠራ ይህም ራሱ ጥቅም አለው። ካርዱን፥ ፕሮሰሰሩንና ፓወር ሰፕላዩን አልነካሁም።

ውጤቱን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልንገራችሁ። ኮምፒዩተሩ አሁን የቡናው ውሃ ሳይሞቅ ይከፈታል። በኳሱ ጨዋታ መካከል መቆሙ ቀርቷል። በካውንተር ስትራይክ ከመቀዝቀዙ የተነሣ ትንሽ ተሻሽሏል፤ ጭስ ሲበዛ ግን ዛሬም ይከብደዋል። በጂቲኤ 5 ኤስኤስዲው ከተማውን ፈጥኖ ይከፍታል እንጂ በሰከንድ የሚታዩትን ሥዕሎች ቍጥር አልጨመረልኝም፤ እኔም ጥላውንና ሣሩን ዝቅ አድርጌ እጫወታለሁ። ሞኒተራችን በሰከንድ 60 ሥዕል ብቻ የሚያሳይ ስለ ሆነ ከዚያ በላይ ብመኝ በዐይኔ አላየውም። ያወጣሁት ገንዘብ ካጠራቀምሁት ከግማሽ በታች ነው። የቀረው በቁጠባ ደብተሬ ውስጥ ማዘርቦርድ፥ ፕሮሰሰርና ራም በአንድነት የሚለወጡበትን ቀን ይጠብቃል።

ከሁሉ ይልቅ ያሳፈረኝን ነገር መጨረሻ አቈየሁት። እኅቴ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ናት። ብሔራዊው ፈተና በ2016 ዓ.ም ለአንዳንድ ተማሪዎች በኮምፒዩተር መሰጠት ከጀመረ ወዲህ እርስዋም በዚሁ ኮምፒዩተር ላይ ትለማመዳለች። እኔ ጨዋታዬ ሲቆም ስበሳጭ፥ እርስዋ አንድ ገጽ እስኪከፈትላት ስንት ደቂቃ ዝም ብላ እንደምትጠብቅ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አልነበረም። ትልቁ ካርድ ለእርስዋ አንዲት ሰከንድ አይቀንስላትም ነበር። ኤስኤስዲውና ራሙ በገቡበት ቀን ኮምፒዩተሩን ከፍታ «ይህ የእኛው ነው?» አለችኝ። ደብተሬ ስለ ጨዋታ ብቻ የጀመርሁት ነበረ፤ የዕቃው ግማሽ ባለቤት ግን እርስዋ ነበረች።

አንዳንድ ወላጆች «ጨዋታ ነው፤ ለጨዋታ ዕቃ ይህን ያህል መጨነቅ ምንድን ነው?» ይሉ ይሆናል። እኔ ግን እንዲህ እላለሁ፤ ልጃችሁ ገንዘብ ሲለምናችሁ ከመከልከላችሁም ከመስጠታችሁም በፊት «የጐደለው ምን እንደ ሆነ በምን ዐወቅህ?» ብላችሁ ጠይቁት። ካላወቀ ሄዶ ይመርምር፤ ያ ምርመራ ራሱ ትምህርት ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ደግሞ «አሮጌውን ጥሎ አዲስ መግዛት ነው እንጂ በጥገና ምን ይገኛል?» ይላሉ። ገንዘብ ለተረፈው ይህ መልካም ነው። ለእኛ ለብዙዎቻችን ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንደሚባለው ነው። አሮጌ ዕቃ ሁሉ ያረጀው በአንድነት አይደለም፤ አንዱ ክፍል ሌሎቹን ይዞ ይጐትታል። ያን ክፍል ለይቶ ማወቅ ገንዘብ አይጠይቅም፤ አንድ ደብተርና አንድ ሳምንት ብቻ ይጠይቃል።

እንግዲህ ጓደኞቼ ሆይ፥ የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ ይባላል፤ በካርቶን ውስጥ ያለው ካርድ ግን ተለቅሞ እንኳ ወደ እቁቡ አልተመለሰም። ከመግዛታችሁ በፊት አቧራውን ጥረጉ፤ ከዚያ መርምሩ፤ ከዚያ ዕቃው ከእናንተ ጋር ይሻገር እንደ ሆነ ጠይቁ፤ በመጨረሻም ከእናንተ ሌላ በዚያ ኮምፒዩተር ፊት የሚቀመጠው ማን እንደ ሆነ አስቡ። እኔ ይህን የመጨረሻውን ዘግይቼ ተማርሁት፤ እናንተ ግን ከእርሱ እንድትጀምሩ እመክራችኋለሁ።

የ11ኛ ክፍል ተማሪ